ቶኪዮ በሴኡል በኩል

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ። የሚነጋገሩት አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። እሱ ዕድሜውን በደሴ መስመር አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ እሷ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት። የሹፌሩ የመጨረሻ ልጅ ጃፓን የትምህርት ዕድል አግኝታ ትኬቷ ተቆርጧል።

ሹፌሩ፦ ነይ ተቀመጪ፤ ስጠብቅሽ ነው የዋልኩት። ይኸው የዓለም ካርታ፣ ይኸው ማስመሪያ። አዲስ አበባ እዚህ ናት፣ ቶኪዮ እዚያ። ቀጥ አድርጌ ሳሰምረው መስመሩ ሕንድን በወገቧ አቋርጦ፣ ቻይና ገብቶ፣ ሻንጋይ ጋ ሲደርስ ባሕር ይገባል። ኮሪያን ወደ ላይ ትቷት ነው የሚያልፈው። ታዲያ ልጄን ለምንድን ነው በኮሪያ የሚያዞሯት?

መምህርቷ፦ ትኬቱን እስኪ ያሳዩኝ። አዲስ አበባ፣ ሴኡል ኢንቾን፣ ቶኪዮ ናሪታ። አውሮፕላን አትቀይርም ጋሼ፤ ያው ከቦሌ የተነሳችበት ነው ናሪታ የሚያደርሳት። ኢንቾን ላይ ጥቂት ቆይታ፣ ከዚያ መቀጠል ነው።

ሹፌሩ፦ እሱማ ገብቶኛል። እኔ ይህን ሥራ በደንብ አውቀዋለሁ እኮ። ሸኖ ላይ ሰው አለ ሲሉት አስፋልቱን ትቶ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ሚኒባስ ስንት አይቻለሁ። ተሳፋሪው ይቸኩላል፣ እሱ ትርፍ ይለቅማል። ይሄም ያው ነው።

መምህርቷ፦ ሴኡል ላይ የሚወርድም የሚሳፈርም አለ፣ እሱን አልክድዎትም። ከአስፋልቱ ግን አልወጣም። ያንን ቅል ያቀብሉኝ እስኪ።

ሹፌሩ፦ ቅሉን ምን ልታደርጊው?

መምህርቷ፦ ከሰልም ይስጡኝ። ክር ደግሞ ከእትዬ እንዝርት ላይ እወስዳለሁ። እንግዲህ ይህች የቅሉ ሆድ የምድር ወገብ ናት እንበል። አዲስ አበባ ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብላ እዚህ። ቶኪዮ ዞር ብላ፣ ከፍ ብላ እዚያ ማዶ። አሁን ክሩን ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ወጥረው ይያዙልኝ። ጠበቅ ያድርጉት፤ ሲጠብቅ ራሱ አጭሩን ይመርጣል። የት ሄደ?

ሹፌሩ፦ ወደ ላይ ጎበጠ። ማስመሪያው ካሰመረው በላይ ነው ያለው።

መምህርቷ፦ ኢንቾንን እዚህ ላይ ነጥብ ላድርጋት። ከቶኪዮ ትንሽ ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን።

ሹፌሩ፦ ክሩ ላይ ወደቀች! ተይ እንጂ፣ አንቺ ነሽ ያስጠጋሻት።

መምህርቷ፦ ቅሉ ሙሉ ክብ ስላልሆነ በእሱ ብቻ አልምልም። ቁጥሩን ግን ሠርቼዋለሁ። ከቦሌ ናሪታ በአጭሩ መንገድ 10,450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቦሌ ኢንቾን 9,195፤ ከኢንቾን ናሪታ 1,257። ይደምሩታ።

ሹፌሩ፦ 10,452። ያው ሆነ!

መምህርቷ፦ ልዩነት ቢኖር ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህን ለሚያህል ጉዞ ከምንም አይቆጠርም። ሴኡል ለቶኪዮ መንገደኛችን ማዞሪያ አይደለችም፤ መንገዱ ላይ ያለች ከተማ ናት። እንዲያውም ከዚህ በፊት በረራው በሆንግ ኮንግ በኩል ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶኪዮ መብረር የጀመረው በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ማረፊያው ሆንግ ኮንግ ነበረች። ለቶኪዮ መንገደኛ እሷ ናት ወደ ደቡብ ዞር የምታደርገው።

ሹፌሩ፦ ታዲያ ካርታው ዋሸ ማለት ነዋ።

መምህርቷ፦ ካርታው ክቡን ነገር ልጦ ግድግዳ ላይ መዘርጋት ነበረበት፤ ሳይለጥጥ አይዘረጋም። እኛ አገር አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲለካ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቶኪዮ ኬክሮስ ያው አንድ ዲግሪ 90 ብቻ ነው፤ መስመሮቹ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ይጠባበባሉ። ካርታዎ ግን ሁለቱንም እኩል አድርጎ ነው የሣለው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ የሚሄድ አውሮፕላን መንገድ ያሳጥራል፤ ጠባቡ ጋ ነዋ የሚያቋርጠው።

ሹፌሩ፦ ይህን ለጃፓን አላውቅም እንጂ ለአንኮበርማ ማንም አይነግረኝም። ማስመሪያና መንገድ አንድ አይደሉም። ከዚህ አንኮበር ስንት ነው?

መምህርቷ፦ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይባላል። አሞራ ብንሆን 25 ቢሆን ነው።

ሹፌሩ፦ አየሽ። ወደ አዲስ አበባ ሲሆንስ?

መምህርቷ፦ መንገዱ 130፤ አሞራው 113 ያህል።

ሹፌሩ፦ ልዩነቱ ይኸውልሽ። ወደ ታች በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱ፣ በሰንዳፋ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ማን ያጣምመዋል? ወደ አንኮበር ግን መሬቱ ጠርዝ ላይ ደርሶ ይሰበራል። በጣርማበርም ያው ነው። ዋሻውን አልፈሽ ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ከተማዋ እግርሽ ስር ትታይሻለች፤ ድንጋይ ብትወረውሪ የምትደርሺባት ይመስልሻል። መኪናው ግን በትንሽ ማርሽ፣ ፍሬን እንዳይግል እየፈራ፣ ይጠማዘዛል ይጠማዘዛል። አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ፣ ከተማዋ ከታየች ግማሽ ሰዓት ሆነ እኮ፣ የት ነው የምትወስደን ብሎ ተቆጥቶኝ ያውቃል።

መምህርቷ፦ ምን አሉት?

ሹፌሩ፦ ውረድና በእግርህ ቅደመኝ አልኩት። ቢወርድ ኖሮ ይቀድመኝ ነበር መሰለኝ።

መምህርቷ፦ እንግዲያውስ ስለ አንኮበር ካነሱ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለተማሪዎቼም ሁልጊዜ የምነግራቸው ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረች ጊዜ የባሕር በሯ ታጁራ ነበረች። ከታጁራ እስከ አንኮበር በአሞራ በረራ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲላክ የተነሳው ከሕንድ፣ ከቦምቤይ ነው። በእንፋሎት መርከብ ኤደን፣ ከኤደን ታጁራ።

ሹፌሩ፦ ቦምቤይና ኤደን ሁለቱም እስያ ናቸው።

መምህርቷ፦ አዎ፣ በሁለቱ መካከል ብቻ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር አለ። ያን ሁሉ አቋርጠው ታጁራ እስኪደርሱ ሦስት ሳምንት ገደማ ወሰደባቸው። ከታጁራ እስከ ሸዋ ጠርዝ ያለችው 420 ኪሎ ሜትር ግን ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀች። ከባሕር ወለል በታች ወዳለው የአሳል ሐይቅ ወረዱ፤ ውሃ ጠፋ፣ ግመል ወደቀ፤ አንድ ሌሊት ተኝተው ሳሉ ሦስት ሰዎቻቸው ተገደሉ። ከዚያ ደግሞ የአንኮበርን ዳገት መውጣት ነው።

ሹፌሩ፦ በክረምት መግቢያ ከሆነማ በረሃው ይጠብስሻል፤ ደጋው ጭቃ ይዞ ይጠብቅሻል።

መምህርቷ፦ ልክ እንደሱ ነው የሆነው። ይህችኑ መንገድ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ ሲመጣባት አራት ወር ገደማ ፈጀበት። ጥር 1879 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም፤ ሐረር ዘምተዋል። ዕቃውን ይዞ እንደገና ወደ እንጦጦ።

ሹፌሩ፦ ለአንዱ ስድስት ሳምንት፣ ለሌላው አራት ወር። ኪሎ ሜትሩ ያው።

መምህርቷ፦ ያው ነው። አሁን አንድ ትንሽ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ይጨርሳታል፤ ግን ያን መስመር የሚበር የለም።

ሹፌሩ፦ ቆይ፣ ወደ ልጄ እንመለስ። አውሮፕላኑ ያንን ክር ተከትሎ ነው በቀጥታ የሚሄደው?

መምህርቷ፦ አይደለም። ክሩን ቢከተል የመንንና ኦማንን አልፎ፣ ፓኪስታንንና ሰሜን ሕንድን አቋርጦ፣ ቲቤት ላይ ይወጣ ነበር። የየመን ሰማይ ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች የሚሸሹት ሆኗል። ቲቤትን ደግሞ የሚያስፈራው ጦርነት አይደለም፣ ከፍታው ነው።

ሹፌሩ፦ አውሮፕላን አሥር ሺህ ሜትር ላይ እየበረረ ተራራ ይፈራል?

መምህርቷ፦ ደህና ሲሆን አይፈራም። ችግር ሲመጣ ነው። የመንገደኞቹ ክፍል አየር ቢያመልጥ ከላያቸው የኦክስጅን ጭንብል ይወርዳል። ያ ኦክስጅን ለብዙ ሰዓት አይበቃም፤ በብዙ አውሮፕላኖች ላይ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ፓይለቱ በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰው ያለ ጭንብል ወደሚተነፍስበት ከፍታ መውረድ አለበት፤ እሱም 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ቲቤት ላይ ከሆነ ግን መሬቱ ራሱ በብዙ ቦታ ከ4,500 በላይ ነው፤ ወዴት ይወርዳል? ስለዚህ አብዛኛው በረራ በደቡብ ወይም በሰሜን በኩል ይዞረዋል። የሚዞረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሹፌሩ፦ 3,000 ሜትር? እሱማ የእኛው ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 አይደለም እንዴ?

መምህርቷ፦ ነው እንጂ። ሌላው ዓለም አደጋ ሲመጣ ሮጦ የሚወርድበት ከፍታ እኛ ጋቢ ለብሰን ቡና የምንጠጣበት ነው።

ሹፌሩ፦ ወይ ጉድ! ለእናቷ እነግራታለሁ፤ ልጄ አየር ያጥራታል ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው የምታድረው።

መምህርቷ፦ እንዲያውም ይጨምሩላት። አውሮፕላኑ ደህና ሲበር ውስጡ ያለው አየር ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው። በድሪምላይነር ውስጥ መንገደኛው የሚሰማው ከፍታ 1,830 ሜትር ያህል ነው። ቦሌ 2,330 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ ልጅዎ በሩ ተዘግቶባት አውሮፕላኑ ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ በሳንባዋ በኩል ከሆነ ቁልቁል እየወረደች ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስታ ቦሌ ስትደርስ አምስት መቶ ሜትር ወርዳለች፤ አውሮፕላን ውስጥ ሌላ አምስት መቶ።

ሹፌሩ፦ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ገበያ እንደመውረድ ማለት ነው።

መምህርቷ፦ በዚያው መንፈስ ነው። ይልቅ ከፍታው የሚጎዳው አውሮፕላኑን ነው። ቦሌ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉን የሚያነሳው አየር፣ ሞተሩ የሚስበውም አየር ያንሳል። ስለዚህ ሲነሳ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ወይም ቀለል ማለት አለበት። የዋሽንግተኑን በረራ ይመልከቱ፤ ከዋሽንግተን ሲመጣ አንድም ቦታ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይደርሳል። ሲሄድ ግን መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። የሚነሳበት ከፍታ ነው ትልቁ ምክንያት።

ሹፌሩ፦ ኢንቾን ያለ ማረፍ ይደርሳል ግን?

መምህርቷ፦ 9,200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይችለዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ።

ሹፌሩ፦ ከኢንቾን ቶኪዮስ? 1,257 ነው ያልሽኝ?

መምህርቷ፦ አዎ። ትኬቷ ላይ ሁለት ሰዓት ከሃያ ይላል።

ሹፌሩ፦ እሱ አልተዋጠልኝም። በሰዓት 850 ወይም 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ይሉ የለም? 1,257ን በ850 ብታካፍዪው አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ሃምሳው ደቂቃ የት ገባ?

መምህርቷ፦ ይህን ጥያቄ ከእርስዎ አልጠበቅሁትም፤ መልሱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ሹፌሩ፦ ማርሽ?

መምህርቷ፦ ማርሽ ይበሉት። ከበሩ ተነስቶ መንደርደሪያው ጫፍ እስኪደርስ እንደ መኪና ይነዳል፤ ተራ ይጠብቃል። ከተነሳ በኋላ ከፍታው ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ይችላል፤ እስኪደርስ ድረስ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም። ለማረፍም ከሩቅ ነው ፍጥነቱን እየቀነሰ መውረድ የሚጀምረው፤ ቶኪዮ ደግሞ ሰማዩ በአውሮፕላን የተጨናነቀ ነው። አየር መንገዱ ትኬት ላይ የሚጽፈው ከበር እስከ በር ያለውን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲበሩ ይህ ሁሉ አይታይም፤ አጭር መንገድ ላይ ግን የጉዞውን ግማሽ ሊወስድ ይችላል።

ሹፌሩ፦ እውነትሽን ነው። ከዚህ አዲስ አበባም ሰዓቱን የሚበላው ሜዳው አይደለም። ለገጣፎን ካለፍሽ በኋላ ነው፤ ከአያት እስከ መገናኛ። የቀረችው ጥቂት ኪሎ ሜትር ናት፣ ፀሐይዋ ግን ትጠልቃለች።

መምህርቷ፦ አሁን ያሉትን ሰዓት ይያዙልኝ። ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ አዲስ አበባ በደህና ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ከኢንቾን ቶኪዮ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ሌላ ሦስተኛ ልጨምርልዎት። አበበ ቢቂላን ያስታውሳሉ?

ሹፌሩ፦ ምን ማለትሽ ነው? የጃቶ ልጅ አይደለም እንዴ፣ ከመንዲዳ አጠገብ፤ የእኛው አካባቢ ሰው። በ1957 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈ ጊዜ እኔ ልጅ ነበርኩ። በሬዲዮ ነው የተሰማው፤ ሬዲዮ ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ መቆሚያ አልነበረም።

መምህርቷ፦ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። እሱን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የማነሳው ግን ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ያለውን ነው። ጥቅምት 20 ቀን 1959 ዓ.ም. አበበ ከኢንቾን ተነስቶ ሴኡል ድረስ ሮጦ አሸነፈ። 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። ለመጨረሻ ጊዜ የጨረሰው ማራቶን ያ ነው።

ሹፌሩ፦ ኢንቾን ያልሽው ይሄው ልጄ የምታርፍበት?

መምህርቷ፦ ይሄው። በእሱ ጊዜ እንዲህ ያለ ኤርፖርት አልነበረባትም፤ የወደብ ከተማ ናት። አበበ ከዚያች ከተማ በእግሩ ሴኡል በደረሰበት ሰዓት፣ የልጅዎ አውሮፕላን ከዚያችው ከተማ ቶኪዮ ይደርሳል። በዚያው ሰዓት ደግሞ የእርስዎ አውቶቡስ ከዚህ ተነስቶ መገናኛ አካባቢ ቆሟል።

ሹፌሩ፦ 42 ኪሎ ሜትር፣ 130፣ 1,257። ሰዓቱ አንድ! ከዚህ አንኮበር 40 አይደል ያልነው? አበበ ቢሆን ኖሮ ከሚኒባሱ ብዙም ወደ ኋላ የሚቀር አይመስለኝም፣ ሚኒባሱ ሰው ሲያወርድና ሲጭን።

መምህርቷ፦ በዚያ ከፍታ እንዲህ አይሮጥም ብዬ ልከራከርዎት ነበር፤ ግን ያደገው እዚሁ ከፍታ ላይ ነው።

ሹፌሩ፦ ኮሪያ ስትይ ደግሞ የአባቴ ታናሽ ወንድም ትዝ አለኝ። የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ቃኘው ሻለቃ ውስጥ ዘምቷል። ሲያወራልን ስለ ጦርነቱ ብዙም አይናገርም፤ ስለ መርከቡ ነበር የሚናገረው። ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ነግቶ ውሃ፣ መሽቶ ውሃ።

መምህርቷ፦ የመጀመሪያው ሻለቃ ከጅቡቲ የተነሳው ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው። ፑሳን የደረሱት ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፤ ሦስት ሳምንት።

ሹፌሩ፦ ሦስት ሳምንት አብሮ መሄድ ሌላ ነገር አለው። መድረሻው ቀስ እያለ ነው የሚመጣብሽ። ልጄ ግን ማታ እራቷን እዚህ በልታ በማግስቱ ማታ ቶኪዮ ናት። ሰውነቷ ደርሶ ልቧ ሸኖ ላይ ነው የሚሆነው።

መምህርቷ፦ ሰዓቱም ያደናግራታል። ኮሪያና ጃፓን ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ከእኛ በስድስት ሰዓት ይቀድማሉ። ከዚህ ማታ ተነስታ አሥራ አንድ ሰዓት ብትበር በእኛ ጠዋት ነው፤ እዚያ ግን ከሰዓት በኋላ ሆኖ ይጠብቃታል። ስድስቱን ሰዓት መንገድ ላይ ነው የምታጣው።

ሹፌሩ፦ ስትመለስ ታገኘዋለቻ።

መምህርቷ፦ ሰዓቱን ታገኘዋለች፤ በረራው ግን ይረዝምባታል። በዚያ ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ በተለይ በክረምታቸው፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ጃፓን ሰማይ ላይ ይበረታል። ስትሄድ ከኋላ ይገፋታል፣ ስትመለስ ፊት ለፊት ይቆምባታል። ይህን ነፋስ አስቀድሞ የለካው ራሱ ጃፓናዊ ነው፤ ኦይሺ የሚባል የአየር ጠባይ ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ፊኛ እየለቀቀ። ውጤቱን ዓለም ሁሉ እንዲያነብለት ብሎ በኤስፔራንቶ ቋንቋ አሳተመው።

ሹፌሩ፦ በምን ቋንቋ?

መምህርቷ፦ ሁሉም እንዲናገረው ተብሎ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ማንም አላነበበለትም።

ሹፌሩ፦ ሚስኪን። እሺ፣ አሁን የመጀመሪያ ነገሬን አልተውኩም። ከመንገድ አልወጣም ብለሽ አሳመንሽኝ። ግን ሴኡል ላይ ሰው ይጭናል አልሽ። ከኮሪያ ወደ ጃፓን የሚሄደውን ሰው ኮሪያኖቹና ጃፓኖቹ የራሳቸው አውሮፕላን እያላቸው የእኛው እንዲጭን ማን ፈቀደለት? እኔ የደሴ መስመር ታርጋ ይዤ ከኮምቦልቻ ባቲ ሰው ብጭን ትራፊክ ያስወርደኝ ነበር።

መምህርቷ፦ ፈቃድ አለው፤ ስምም አለው። አምስተኛው ነፃነት ይሉታል። በ1937 ዓ.ም. መንግሥታት ቺካጎ ላይ ተሰብስበው የአየር በረራ መብቶችን በተራ ቁጥር አስቀመጡ። የመጀመሪያው በሰው ሰማይ ላይ ማለፍ፣ ሁለተኛው ነዳጅ ለመቅዳት ማረፍ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ከራስ አገር ሰው መውሰድና ወደ ራስ አገር ማምጣት። አምስተኛው፣ ጉዞው ከአገርህ የሚነሳ ወይም አገርህ የሚያልቅ እስከሆነ ድረስ፣ መሃል ላይ ካለ አገር ሰው ጭነህ ሌላ አገር ማውረድ ነው። ግን ሁለቱም አገሮች ሲስማሙ ብቻ ነው።

ሹፌሩ፦ ተስማሙ ማለት ነው።

መምህርቷ፦ ተስማምተዋል። ኢትዮጵያን አይተው የማያውቁ የኮሪያና የጃፓን ወጣቶች ለዚያች ሁለት ሰዓት በእኛ አውሮፕላን ይሳፈራሉ። ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ቶኪዮ ብቻ የሚሄድ ሰው ያን ያህል ወንበር በየጊዜው አይሞላም። ሴኡል ላይ የወረደው ሰው ባዶ የተወውን ወንበር ሌላ ሲሞላው ነው ሁለቱም ከተማ በአንድ አውሮፕላን የሚያዋጣው። ልጅዎ ቶኪዮ ድረስ ሳትቀይር መሄድ የቻለችው ባልወደዱት ትርፍ ምክንያት ነው።

ሹፌሩ፦ ኧረ እኔ ትርፉን መቼ ጠላሁ? ማዞሩን ነው የጠላሁት። መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው መጫንማ ወጉ ነው። እንዲያውም አልፎ መሄድ ነው ነውሩ።

መምህርቷ፦ እንግዲያውስ ተስማማን። የቀረው ቦሌ መድረስ ነው። ትኬቱ ላይ 22:30 ይላል።

ሹፌሩ፦ በእኛ ስንት ነው? እናቷ እንዳትሳሳት ጻፊልኝ።

መምህርቷ፦ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል። ሦስት ሰዓት ቀድማ መገኘት አለባት፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ በር ላይ መሆን ነው። ከዚህ በስምንት ሰዓት ብትነሳ ይበቃታል፤ ለትራፊኩም ተርፎ ነው።

ሹፌሩ፦ ስምንት ሰዓት ብሎ ነገር የለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ትነሳለች።

መምህርቷ፦ ጋሼ! ከጠዋቱ ሁለት እስከ ምሽቱ አራት ተኩል አሥራ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ከአዲስ አበባ ሴኡል አሥራ አንድ ሰዓት ነው ብዬዎት! ከደብረ ብርሃን ቦሌ ከኮሪያ ሊረዝም ነው እንዴ?

ሹፌሩ፦ ይርዘም። ሰማዩን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ይህን መንገድ እኔ። ጫጫ ላይ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል፤ መንገድ ይዘጋል፤ ለፍተሻ ሁሉም ውረዱ ይባላል፤ ሰንዳፋ ላይ መኪና ተገልብጦ ሰልፍ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ደግሞ መሽቶ መጓዝ አይታሰብም። እኔ በዚህ መስመር ስነዳ አውሮፕላን አመለጠኝ ብሎ ፊት ለፊቴ ያለቀሰ ሰው አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ አልነበረም፣ ግን እስካሁን ፊቱን አልረሳውም። ሚኒባስ ቢያመልጣት ከኋላው ሌላ አለ። ያ አውሮፕላን ካመለጣት ሌላ ትኬት ከየት አመጣለሁ?

መምህርቷ፦ ቦሌ ቀድማ ብትደርስ ምን ልትሠራ ነው ታዲያ?

ሹፌሩ፦ አያት ሰፈር፣ አክስቷ ቤት ምሳ ትበላለች፤ ከዚያ ቦሌ ቅርብ ነው፣ አመሻሽ ላይ ይሸኟታል። ደግሞ ስሚ፣ ቢሾፍቱ በኩል እየተሠራ ያለው አዲሱ ኤርፖርት ሲያልቅ ምን ልትዪኝ ነው? ያኔ ከተማውን በሙሉ አቋርጦ መውጣት ነው። ለእኛ ሰው ሁለት ሰዓት ጠዋትም ላይበቃ ይችላል።

መምህርቷ፦ እሺ፣ ሁለት ሰዓት ይሁን። የሻንጣዋን ክብደት መዝናችኋል?

ሹፌሩ፦ እናቷ ድርቆሽና በርበሬ ጠቅጥቃበታለች። ሚዛን ከጎረቤት አስመጥቼ ነገ እመዝነዋለሁ። አሁን መናኸሪያ ላለው ተራ አስከባሪ ልደውል፤ የፊት ወንበሩን ለእሷና ለእኔ እንዲያስቀምጥልኝ።